ከመድኃኒቱ በፊት ኩሱ ይታይ

ዶሮ ስትከሳ፣ ላባዋ ሲንጨባረር፣ እንቁላል ስታቆም በየቤቱ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ትል ይዟት ነው» ይባላል። ቀጥሎ አንድ ሰው ወደ እንስሳት መድኃኒት መሸጫ ይላካል፣ ሻጩ እጁ ላይ ያለውን ይሰጣል፣ ዱቄቱ በዶሮዎቹ የመጠጥ ውኃ ይበጠበጣል። አንዳንዴ ዶሮዎቹ ያገግማሉ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ክሳት ተመልሶ ይመጣል፤ ባለቤቱም መድኃኒቱን ይወቅስና ሌላ ይገዛል። በዚህ ሁሉ መሀል ዶሮዋ በእርግጥ ትል ይኑራት አይኑራት፣ ካላትም የትኛው ዓይነት እንደሆነ ያየ ሰው የለም።

ማየት ግን ይቻላል፤ ለዚያውም በትንሽ ወጪ። በሕይወት ያለችው ዶሮ በኩሷ ትመረመራለች፤ ለበዓል የታረደችው ደግሞ አንጀቷ ተከፍቶ ይታያል። ሁለቱ መንገዶች አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ። ኩሱን ብቻ ያየ ሰው በአንዳንድ ትሎች ይታለላል፤ አንጀቱን ብቻ ያየም ስለቀሩት ዶሮዎች የሚያውቀው ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ የምንፈልገውን እንወቅ። በጓሮ ዶሮ አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ትሎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ድቡልቡል ትሎች ናቸው። ከእነሱ ዋናው የዶሮ ወስፋት፣ በሳይንሳዊ ስሙ አስካሪዲያ ጋሊ ነው፤ ነጣ ያለ ቢጫ ሲሆን ሴቷ እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች። በቀጭኑ አንጀት ውስጥ ሆና ዶሮዋ የፈጨችውን ምግብ ትሻማለች፤ በብዛት ስትገኝ፣ በተለይ በጫጩትና በቄብ ላይ፣ አንጀቱን እስከ መዝጋት ትደርሳለች። ሁለተኛው ሄተራኪስ ነው። ቁመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን የሚኖረው ከአንጀቱ መጨረሻ አጠገብ ባሉት ሁለት እውር አንጀቶች ውስጥ ነው። ዶሮዋን ራሷን እምብዛም አይጎዳም፤ ነገር ግን ሂስቶሞናስ የተባለ ረቂቅ ተሐዋስ በእንቁላሉ ውስጥ ስለሚያስተላልፍ፣ ከዶሮ ጋር ተርኪ ለሚያረባ ሰው ትልቅ ስጋት ነው። ሦስተኛው ካፒላሪያ በጣም ቀጭን ስለሆነ በዓይን ለማየት ያስቸግራል፤ ሆኖም የአንጀቱን ግድግዳ ሰርስሮ ስለሚገባ ቁጥሩ ሲበዛ ዶሮዋን ክፉኛ ያከሳታል።

ሁለተኛው ወገን ጠፍጣፋውና ባለ ብዙ ቁራጩ የኮሶ ትል ነው። ይህ ከዶሮ ወደ ዶሮ በቀጥታ አይተላለፍም። እንቁላሉን አስቀድሞ ጉንዳን፣ ጥንዚዛ፣ ዝንብ ወይም ቀንድ አውጣ መብላት አለበት፤ ዶሮዋ ያን ፍጥረት ስትለቅም ትሉ አብሮ ይገባል። ቀኑን ሙሉ ስትጭር የምትውል የሐበሻ ዶሮ ከጉንዳንና ከጥንዚዛ ልትርቅ አትችልም፤ ግማሽ ቀለቧ እነሱ ናቸው። ሰውን የሚይዘው ኮሶ ከጥሬ የከብት ሥጋ የሚመጣ ሌላ ዓይነት ትል ነውና፣ የዶሮዋ ኮሶ ወደ ቤተሰቡ ይተላለፋል ብሎ መፍራት አያስፈልግም። ወስፋቷም እንዲሁ የዶሮ እንጂ የሰው አይደለም።

ነገሩ ምን ያህል የተስፋፋ እንደሆነ ለመረዳት በአማራ ክልል አራት የገጠር ወረዳዎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ ጥናት ማንሳት ይበቃል። ተመራማሪዎቹ የ267 ጫሪ ዶሮዎችን አንጀት ከፍተው ተመለከቱ፤ 243ቱ፣ ማለትም ከመቶ 91 ያህሉ፣ ትል ነበረባቸው። በአንዲት ዶሮ ውስጥ የተገኘው የትል ዓይነት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ይደርስ ነበር። ከዚህ ቁጥር የምንማረው ጓሮ ውስጥ ለሚጭሩ ዶሮዎች «ትል አላቸው ወይ?» ብሎ መጠየቅ እምብዛም እንደማይጠቅም ነው፤ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። የሚጠቅመው ጥያቄ የትኛው ትል፣ ምን ያህል፣ በየትኞቹ ዶሮዎች የሚለው ነው። ጥቂት ወስፋት ይዛ በደንብ የምትበላና የምትጥል ዶሮ ሕመምተኛ አይደለችም። ሙሉ በሙሉ ከትል የጸዳ ጓሮ መመኘትም ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል።

የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ ላይ የምትጎድል እያንዳንዷ ፍሬ ለቤቱ ትታወቃለች። ከእንቁላሉ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የፈንግል ክትባት ነው። ወስፋት የበዛባቸው ዶሮዎች ክትባቱ ሲሰጣቸው ሰውነታቸው የሚያመርተው መከላከያ እንደሚዳከም በጥናት ታይቷል። ፈንግል መንደር ሲገባ የሚያደርገውን ያየ ሰው፣ ከክትባቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ኩስ ማስመርመር ለምን እንደሚያዋጣ አይጠፋውም።

አሁን ወደ አሰባሰቡ እንሂድ፤ ብዙ ምርመራ የሚበላሸው ላብራቶሪ ከመድረሱ በፊት ነውና። ማታ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ከመውጣታቸው አስቀድሞ ከቆጡ ሥር ንጹሕ ላስቲክ ወይም የታጠበ ማዳበሪያ ያንጥፉ። ጠዋት፣ ኩሱ ገና ሳይደርቅ፣ ሁለት ዓይነት ሆኖ ያገኙታል። አንደኛው ሁልጊዜ የምናየው ነው፤ ጠንከር ያለ፣ ከላዩ ነጭ ነገር የተደረበበት። ነጩ ሽንታቸው ነው። ሁለተኛው ጠቆር ያለ ቡናማ፣ የሚያጣብቅና ሽታው የከረረ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ተቅማጥ ያዛት ብሎ ይደነግጣል፤ ግን ከእውር አንጀት የሚወጣ ጤናማ ኩስ ሲሆን፣ ዶሮዋ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ትጥለዋለች። ከሁለቱም መውሰድ ያስፈልጋል። የሄተራኪስ መኖሪያ እውር አንጀት ስለሆነ ቡናማውን የዘለለ ሰው ይህን ትል ሊያጣው ይችላል።

አለቃቀሙ ቀላል ነው። ትንሽ ፌስታል እጅዎ ላይ እንደ ጓንት ያጥልቁ፤ ቢያንስ ከአሥር ቦታ፣ ከእያንዳንዱ ሩብ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ መሬት ያልነካውን እየመረጡ ይልቀሙ፤ ከዚያ ፌስታሉን ገልብጠው አየሩን ጨምቀው ያስወጡና ይቋጥሩ። አየሩን ማስወጣት ለንጽሕና ብቻ አይደለም። የትሉ እንቁላል ሙቀትና አየር ካገኘ በውስጡ ያለው ሽል ማደግ ይጀምራል፤ ካደገ በኋላ ደግሞ ዓይነቱን መለየት ይከብዳል። በዚህም የተነሳ ፌስታሉን ሚኒባስ ጋቢና ላይ ፀሐይ ሲመታው እንዲውል አይተዉት። በዚያው ቀን ማድረስ ካልተቻለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይግባ፣ እንቁላሉን ያበላሸዋል።

የሚያሳስብዎት አንዲት የከሳች ዶሮ ብቻ ከሆነች ኩሷ ከሌሎቹ ጋር መደባለቅ የለበትም። ንጹሕ ላስቲክ ላይ አድርገው ቅርጫት ይድፉባት፤ ውኃና እህል ሰጥተው እስክትጥል ይጠብቁ። በአንድ መንጋ ውስጥ አብዛኛውን ትል የሚሸከሙት ጥቂት ዶሮዎች ናቸው፤ የተደባለቀው ናሙና የሚያሳየው ግን የሁሉንም አማካይ ስለሆነ የእነዚያን ጥቂቶች ችግር ሊያደበዝዘው ይችላል።

ናሙናው የሚሄደው መጀመሪያ ወደ ቅርብ የእንስሳት ጤና ኬላ ወይም የወረዳ ክሊኒክ ነው። ማይክሮስኮፕ ከሌላቸው ወደ ክልል ላብራቶሪ ይልካሉ፤ ኮምቦልቻ፣ ባሕር ዳር፣ አሰላ፣ በደሌና ሶዶ እንዲህ ያሉ ላብራቶሪዎች አሉ። የእንስሳት ሕክምና ለሚያስተምሩት በቢሾፍቱና በጎንደር ላሉ ተቋማትም ይህ ምርመራ ተማሪዎቻቸውን የሚያሠለጥኑበት የዘወትር ሥራ ነው። ጥሩ ባለሙያ ፌስታሉን ተቀብሎ ዝም አይልም።

«እትዬ፣ ኩሱ መቼ የተለቀመ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት ነው ዶክተር፣ ከቆጡ ሥር።»

«ዶሮዎቹ ስንት ናቸው? ዕድሜያቸውስ?»

«እናቶቹ ስድስት፣ ቄቦቹ ዘጠኝ። ቄቦቹ ናቸው የከሱብኝ።»

«መድኃኒት ሰጥተዋቸው ያውቃሉ?»

«ለጥምቀት ሰሞን ዱቄት ሰጥቻለሁ። ማሸጊያውን ይዤልዎት መጥቻለሁ።»

ያቺ ማሸጊያ ከብዙ ማብራሪያ ትበልጣለች። ባለሙያው የተሰጠው መድኃኒት የትኛውን ትል እንደሚገድል ስለሚያውቅ ውጤቱን በዚያ መልክ ያነበዋል።

የምርመራው አሠራር የተመሠረተው በአንድ ቀላል ነገር ላይ ነው። ሽምብራ ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ገለባውና ነቀዝ የበላው ይንሳፈፋል፣ ደህናው ይዘቅጣል፤ የትል እንቁላልም ከቆሻሻው የሚለየው በክብደቱ ነው። በተራ ውኃ ውስጥ እንቁላሉ ይዘቅጣል። ውኃውን በጨው ካከበድነው ግን እንቁላሉ ከውኃው ይቀልና ወደ ላይ ይወጣል፤ አሸዋውና አብዛኛው ገለባ ከታች ይቀራል። የጨው ውኃው የሚዘጋጀው በአንድ ሊትር ሙቅ ውኃ ከ350 እስከ 400 ግራም የወጥ ቤት ጨው በማሟሟት ነው። ሲቀዘቅዝ ከታች ያልሟሟ ጨው ከታየ ውኃው መያዝ የሚችለውን ያህል ይዟል ማለት ነው። በጨው ፋንታ ስኳር የሚጠቀሙም አሉ፤ 450 ግራም ያህል ስኳር በ350 ሚሊ ሊትር ውኃ ይሟሟል። ስኳሩ ውድ ቢሆንም እንቁላሉን ቶሎ አያጨማድድም፤ ክብደቱም ከጨው ውኃ ይበልጣል።

ባለሙያው ኩሱን አዋሕዶ ጥቂት ይወስዳል፣ በጨው ውኃ ያማስለዋል፣ በሻይ ማጥለያ ያጠለዋል። የተጠለለውን በትንሽ ብልቃጥ አፉ ድረስ ይሞላና ውኃው ከአፉ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ሲታይ ስስ የመስታወት ክዳን ያስቀምጥበታል። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ እንቁላሎቹ ወደ ላይ ወጥተው ከክዳኑ ሥር ይለጠፋሉ። ክዳኑን ቀጥ አድርጎ አንስቶ ስላይድ ላይ ያሳርፈዋል፤ ከዚያ 100 ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ከጥግ እስከ ጥግ፣ እርሻ እንደሚታረስ በመስመር እየተመላለሰ ያየዋል። በጣም መቆየትም አይበጅም፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ጨው መድረቅ ይጀምራል፣ እንቁላሉም ቅርጹን ያጣል። ለዚህ ሥራ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ ማይክሮስኮፕ ይበቃል። የእርባታ ማኅበር ያቋቋሙ ወጣቶች ከአንድ ባለሙያ ሥር ሆነው ይህን ቢማሩ ደስ ይለኛል፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥትና የለመደ ዓይን ነው።

ዓይኑ የሚለምደው ምንን ነው? የወስፋት እንቁላል ሞላላ፣ ልሙጥ፣ ቅርፊቱ ወፍራም ሲሆን ርዝመቱ 0.08 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የሄተራኪስ እንቁላል ትንሽ ጠበብ ያለ ከመሆኑ በቀር ከእሱ ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ የተካነ ባለሙያም ሁልጊዜ አይለያቸውም። ስለዚህ የውጤት ወረቀቱ ላይ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ተጽፈው ቢያዩ ባለሙያው ሥራውን አጓድሏል ማለት አይደለም። የካፒላሪያን ግን በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ባሉት ውታፎች ወዲያው ያውቁታል። ጀማሪን የሚያታልለው ሌላ ነው። የአየር አረፋ ፍጹም ክብ ሆኖ ዙሪያው በጥቁር መስመር የተከበበ ነው፤ የአበባ ዱቄት ደግሞ እሾሃማ ወይም ጌጠኛ ቅርፊት አለው። በጣም ትንንሽ፣ 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ ክብ ነገሮች ከታዩ ትል አይደሉም፤ ኮክሲዲያ የተባለው ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው። ጥቂት ኮክሲዲያ በጤነኛ ዶሮም ይገኛል። ነገር ግን ጫጩቶች ደም የቀላቀለ ኩስ እየጣሉ ብዙ ኮክሲዲያ ከታየ የትል መድኃኒት ምንም አያደርግላቸውም፤ እንደ አምፕሮሊየም ያለ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል፤ ያውም በፍጥነት። ብዙ ቤት ጫጩት የሚያልቀው በዚህ ስሕተት ነው፤ ትል ነው ተብሎ ሲታከም ሦስት አራት ቀን ያልፋል።

እስካሁን ያየነው ትል መኖሩን ይነግራል። ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ መቁጠር ያስፈልጋል። ለዚህ ጎርደንና ዊትሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1939 ለበግ ሰገራ ያወጡት ዘዴ እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ የሚቆጠርበት ስላይድ ማክማስተር ይባላል። 3 ግራም ኩስ በ42 ሚሊ ሊትር የጨው ውኃ ይበጠበጣል፤ ጠቅላላው 45 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ የግራም አንድ አሥራ አምስተኛ ኩስ አለ። ስላይዱ እያንዳንዳቸው 0.15 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ሁለቱ አንድ ላይ 0.3 ሚሊ ሊትር ናቸው። ይህ የአንድ ግራም ሃምሳኛ መሆኑ ነው። በአንደኛው ክፍል 12፣ በሁለተኛው 15 እንቁላል ቢቆጠር ድምሩ 27 ይሆናል፤ በ50 ሲባዛ በአንድ ግራም ኩስ 1350 እንቁላል ማለት ነው። ሒሳቡን ማወቅ አንድ ጥቅም አለው፤ በዚህ ዘዴ ሊታይ የሚችለው ትንሹ ቁጥር 50 መሆኑን ያስረዳል። «ምንም አልታየም» የሚል ውጤት ከ50 በታች ሊሆን ይችላል ማለት እንጂ ዶሮዎቹ ከትል ነጻ ናቸው ማለት አይደለም።

ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ብቻውን ለፍርድ አይበቃም። ከዶሮዎቹ ሁኔታ ጋር አብሮ መነበብ አለበት። 1350 የተቆጠረባቸው እናት ዶሮዎች ወፍረውና እየጣሉ ከሆነ አልቸኩልም፤ ጓሮውን እያጸዳሁ እከታተላቸዋለሁ። ይኸው ቁጥር የደረት አጥንታቸው እንደ ስለት በወጣ ቄቦች ላይ ከተገኘ ግን ውሎ ማደር አይገባውም።

ምርመራው የማያየው ነገር አለ፤ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። ያልጎለመሰ ትል እንቁላል አይጥልም። ዶሮዋ የወስፋት እንቁላል ከዋጠችበት ቀን ጀምሮ በኩሷ እንቁላል እስኪታይ ከአምስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል፤ ለሄተራኪስ አራት ሳምንት ያህል ነው። በዚህ መሀል ትናንሾቹ ትሎች አንጀቷን እየጎዱ ሳለ ወረቀቱ «የለም» ሊል ይችላል። በ45 ቀናቸው ተገዝተው የመጡ የሳሶ ወይም የቦቫንስ ዝርያ ዶሮዎች በመጡ በሳምንታቸው ቢመረመሩ፣ የእርስዎ ጓሮ ምን እንደሰጣቸው ገና አይታወቅም። ሁለት ወር ያህል ጭረው ከቆዩ በኋላ የሚደረገው ምርመራ ብዙ ይናገራል።

የኮሶ ትል ደግሞ በዚህ ዘዴ ክፉኛ ያመልጣል። እንቁላሎቹ ተበታትነው አይወጡም፤ እንቁላል የሞላባት ቁራጭ ከትሉ ጫፍ ተገንጥላ ከኩሱ ጋር ትወድቃለች። የተወሰደው ናሙና ቁራጯን ካልያዘ ማይክሮስኮፑ ምንም አያሳይም። ኮሶ የያዘው ሰው ራሱን የሚያውቀው ቁራጩን በሰገራው ላይ በማየት እንደሆነ ሁሉ፣ ለዶሮም ከማይክሮስኮፑ በፊት ዓይን ይቀድማል። ትኩስ ኩስ ላይ ጎንበስ ብለው ለጥቂት ጊዜ ይመልከቱ፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆኑ ነጫጭ ቁርጥራጮች ቀስ እያሉ ሲንቀሳቀሱ ካዩ ጥያቄው ተመልሷል። በደረቀ ኩስ ላይ ግን አይታዩም።

በዓል የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ዶሮ ይታረዳል፤ ሥጋው በጥንቃቄ በሎሚና በጨው ይታጠባል፣ አንጀቱ ግን ሳይታይ ለድመት ወይም ለውሻ ይጣላል። ያ አንጀት ሩብ ሰዓት ቢሰጠው ማንኛውም ላብራቶሪ በኩስ ሊነግርዎት የማይችለውን ይነግራል። ያረጀ ሳህን ላይ ንጹሕ ውኃ ያድርጉ። ለምግብ በማይውል መቀስ ቀጭኑን አንጀት ከላይ እስከ ታች ቀደው በውኃው ውስጥ ይዘርጉት። ወስፋት ካለ ያለ ምንም መሣሪያ ይታያል፤ ወፍራምና ነጭ ነው፣ ዶሮዋ ገና እንደታረደች ከሆነም ይጠማዘዛል። ቀጥሎ ግድግዳውን በውኃ እያለቀለቁ ይመልከቱ። ከግድግዳው ላይ አልላቀቅ ብሎ በውኃው ውስጥ የሚውለበለብ ጠፍጣፋ ነገር የኮሶ ትል ነው። ከአንጀቱ ውጭ በኩል ትንንሽ እብጠቶች ካሉም ልብ ይበሉ፤ ራሱን ግድግዳው ውስጥ የሚቀብር አንድ የኮሶ ትል ዓይነት እንዲህ ያለ እብጠት ያስከትላል። በመጨረሻ ሁለቱን እውር አንጀቶች ቀደው ውስጣቸውን ንጹሕ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ያራግፉ፤ ብርጭቆውን ከጥቁር ጨርቅ ፊት ሲያቆሙት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የሆኑ ነጫጭ ክሮች ሲንቀሳቀሱ ከታዩ ሄተራኪስ ነው። ላብራቶሪው ሊለያቸው ያልቻለው ሁለቱ ስሞች እዚህ ይለያያሉ።

ትል የተገኘባት ዶሮ ሥጋዋ አይጣልም፤ ትሉ ያለው አንጀት ውስጥ ነው። የታየው አንጀት ግን ይቀበር ወይም ይቃጠል፣ ዶሮዎች እንዳይለቅሙት። እጅና መቀስ በሳሙና ይታጠቡ፤ የዶሮ አንጀት ከትል ሌላ ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ ይይዛል።

አሁን መድኃኒት መግዛት ይቻላል፤ ምን እንደሚገዙ ያውቃሉና። ፒፐራዚን የጎለመሰ ወስፋትን ያስወጣል፤ ለካፒላሪያና ለኮሶ ትል ግን ዋጋ የለውም። ዱቄቱ በየመሸጫው የሚገኘው እሱ ስለሆነ ነው ኮሶ የያዛቸው ዶሮዎች በየወሩ እየታከሙ የማይድኑት። አልቤንዳዞልና ፌንቤንዳዞል ድቡልቡል ትሎችን ሰፋ አድርገው ይይዛሉ፤ ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴል የተሻለው ነው። መጠኑን የሚወስነው ባለሙያው ነው፤ ለመወሰንም የዶሮዋን ክብደት ማወቅ አለበት። ዶሮዋን ዘንቢል ውስጥ አድርጎ በሚዛን መመዘን የደቂቃ ሥራ ነው። ለሰው የተሠራ ፍሬ ሰባብሮ በግምት ማጉረስን አልመክርም፤ አንዷ ሲበዛባት ሌላዋ ያንሳታል። መጠኑ ያነሰ መድኃኒት ደግሞ ጠንካሮቹን ትሎች መርጦ ያተርፋል፤ በበግና በፍየል ትሎች ላይ በዓለም ዙሪያ የሚታየው መድኃኒት የመላመድ ችግር እንዲህ ባለው አሰጣጥ ይባባሳል። መድኃኒት የወሰደች ዶሮ እንቁላሏ ለስንት ቀን እንደማይበላ ባለሙያውን ይጠይቁ፤ ቀኑ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል።

ነጭ ሽንኩርት ወይም ፌጦ የሚሰጡ ሰዎችም አሉ። ከመስጠታቸው በፊትና በኋላ ኩሱን ቢያስቆጥሩ ለራሳቸውም ለጎረቤትም እውነቱን ያውቁ ነበር።

ጓሮውን የማጽዳት ሥራም ከውጤቱ ይነሳል። የወስፋት እንቁላል ከዶሮዋ እንደወጣ ወዲያው አይጋባም፤ በሙቀትና በእርጥበት ከ10 እስከ 20 ቀን ካደገ በኋላ ነው ሌላዋን ሊይዝ የሚችለው። ስለዚህ ከቆጡ ሥር ያለውን ኩስና ጉዝጓዝ በየሳምንቱ የሚጠርግ ሰው እንቁላሉን ሳይደርስ ይቀድመዋል። በረኪና መርጨት ብዙ አይረዳም፤ የእንቁላሉ ቅርፊት ይቋቋመዋል። የሚጎዳው ድርቀትና የቀጥታ ፀሐይ ነው። በክረምት፣ ጓሮው ጭቃ ሆኖ በሚከርምበት ጊዜ፣ ቢያንስ የመመገቢያው ቦታ ደረቅ እንዲሆን ማድረግና እህሉን በገበታ እንጂ በመሬት አለመበተን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ችግሩ የኮሶ ትል ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ጠረጋ ብቻውን በቂ አይደለም። ዝንብና ጥንዚዛ የሚራቡበትን የእበት ክምር ከዶሮዎቹ ማራቅ ይቀድማል። ሦስት ወር ያልሞላቸው ጫጩቶችና ቄቦችም ከእናቶቹ ተለይተው ቢያድሩ ይሻላል፤ ትልልቆቹ ሳይታመሙ የሚሸከሙት ወስፋት ትንንሾቹን ይጥላል።

መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ኩሱን እንደገና ያስቆጥሩ፤ በዚያው አለቃቀም፣ ከዚያው ቆጥ ሥር። 1350 የነበረው ወደ 100 ከወረደ ከመቶ 93 ያህሉ ቀንሷልና ሕክምናው ሠርቷል። 900 ሆኖ ከተገኘ ሌላ ዱቄት ለመግዛት አይቸኩሉ። ዶሮዎቹ መድኃኒቱን በእርግጥ ጠጥተውታል ወይስ ጠዋት ከጓሮው ኩሬ ጠጥተው ነበር? ክብደታቸው በግምት ነው ወይስ በሚዛን የተወሰደው? ማሸጊያው ላይ ያለው ጊዜ አልፎበታል? እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ መድኃኒቱ ራሱ ላይ ጥርጣሬ ይነሳል፤ ያኔ ሁለቱን የውጤት ወረቀቶችና ማሸጊያውን ይዘው ወደዚያው ባለሙያ ይመለሱ።